የሰማዩ ዓይን የማን ነው?

ባለፈው ስለ ድሮን ከለጠፍኳት አጭር ጽሑፍ ሥር ብዙዎቻችሁ ያነሳችሁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ያንን ነገር የሚያዘው ማን ነው? መከላከያ ነው ወይስ ደኅንነት? ማንንስ ነው የምንጠይቀው?» ኮሜንት ላይ በሁለት መስመር የሚመለስ አይደለም። መንግሥታት ራሳቸው ከ70 ዓመት በላይ ሲነታረኩበት የኖሩት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ቀኖቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከደጃችን ልጀምር። እዚሁ ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ ሞይ አቬኑ ከኃይለ ሥላሴ አቬኑ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ትንሽ የመታሰቢያ መናፈሻ አለች። (አዎ፣ የኛው ጃንሆይ ስም ነው። አዲስ ለመጣ ስደተኛ መንገዱን ለማስያዝ ይቀላል።) ማታቱ ለመያዝ ስንሯሯጥ በአጥሯ ሥር እናልፋለን፤ ገብቶ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን የስም ዝርዝር ያነበበ ግን ከመካከላችን ጥቂት ነው። ኦገስት 7 ቀን 1998 ዓርብ ጠዋት በቦምብ የወደመው የአሜሪካ ኤምባሲ የነበረው እዚያ ነው። ናይሮቢ ላይ ብቻ 213 ሰው ሞተ። አሜሪካውያኑ 12 ነበሩ፤ የቀሩት ለእንጀራቸው የወጡ የከተማው ሰዎች ናቸው። አጠገቡ የነበረው ኡፉንዲ ሃውስ የሚባለው ህንጻ ጸሐፊነት ከሚማሩ ልጆች ጋር ተደረመሰ።

ዛሬ በአፍሪካ ቀንድ ሰማይ ላይ የሚዞረው ድሮን ታሪኩ ከዚያች ጠዋት ጋር የተሳሰረ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይገረማሉ፤ ሁሉም ከዚያ በኋላ የተወለዱ ናቸው።

በ13ኛው ቀን ፕሬዚዳንት ክሊንተን አፍጋኒስታንና ካርቱም ላይ ክሩዝ ሚሳይል አስወነጨፉ። ካርቱም ላይ የተመታው የመድኃኒት ፋብሪካ ነበር። ቢን ላደን ግን አልተገኘም። የጠፋው ሚሳይል አልነበረም፤ የጠፋው ሰውየው ዛሬ ማታ የት እንደሚያድር የሚያውቅ ነው። ጠቋሚው «እዚህ አለ» ብሎ ወሬው ዋሽንግተን እስኪደርስ፣ ሚሳይሉም ከባሕር ተነስቶ ቦታው እስኪደርስ ሰውየው ሄዷል። በዚህ ምክንያት በ2000 ፕሬዴተር የተባለችውን ሰው አልባ አውሮፕላን ለመላክ ተወሰነ። በሴፕቴምበር ከኡዝቤኪስታን እየተነሳች አፍጋኒስታን ላይ በረረች። ካንዳሃር አጠገብ ታርናክ እርሻ በሚባለው ግቢ ውስጥ ነጭ ቀሚስ የለበሰ ረጅም ሰው በአጀብ ሲሄድ አሳየች። ተንታኞቹ «እሱ ነው» አሉ። አውሮፕላኗ ግን ባዶ እጇን ነበረች። ማየት ብቻ ነው የምትችለው።

ጠቡ የመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። አየር ኃይሉ በ2001 መጀመሪያ ላይ ሄልፋየር ሚሳይል ሰቅሎባት ሞከረ፤ ሠራ። ታዲያ አሁን የማን ትሁን? አውሮፕላኗ የአየር ኃይል ናት፣ ሥራው የሲአይኤ ነው። የሴፕቴምበር 11 አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት ላይ እንደተጻፈው፣ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ከተከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ ብትወድቅ ሂሳቡን ማን ይከፍላል የሚል ነበር። እንደ ባልና ሚስት የኤሌክትሪክ ቢል። የሲአይኤው ዳይሬክተር ጆርጅ ቴኔት ሴፕቴምበር 4 ቀን 2001 በተደረገው ስብሰባ ላይ ያነሱት ግን ከገንዘብ የከበደ ነገር ነው፦ አንድ የስለላ ኃላፊ ከወታደራዊው የዕዝ ሰንሰለት ውጪ ሆኖ ሰው የሚገድል አውሮፕላን ማዘዝ ይገባዋል ወይ? ተኩስ የሚለውስ ማን ነው? ቁርጥ ያለ መልስ ሳይሰጥ ስብሰባው ተበተነ። በሳምንቱ ኒውዮርክና ዋሽንግተን ተመቱ። ከዚያ በኋላ መልሱን የጠበቀ የለም፤ የታጠቀችው ፕሬዴተር በዚያው ወር መጨረሻና በኦክቶበር ሥራ ጀመረች።

ይህ ጠብ ግን በ2001 አልተወለደም። አባቱ ዩ-2 ይባላል፤ እሱን ሳናውቅ የልጁን ጠባይ አንረዳም።

በ1954 መጨረሻ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ የሶቭየት ኅብረትን መሬት ፎቶ የሚያነሳ አውሮፕላን እንዲሠራ ፈቀዱ። ሰውየው ባለ አምስት ኮከብ ጄነራል ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በጦር ሠራዊት ነው። ሆኖም አውሮፕላኑን ለአየር ኃይሉ አልሰጡም፤ ለሲአይኤ ሰጡ። ዩኒፎርም የለበሰ ወታደር የሌላ አገር ሰማይ ውስጥ ቢያዝ የጦርነት ድርጊት ነው። ሲቪል ቢያዝ ግን መካድ ይቻላል። ስለዚህ ሞተሩ ከአየር ኃይሉ ድርሻ ተሰጠ፣ ፓይለቶቹም ከአየር ኃይሉ ተመረጡ፤ ከዚያ በወረቀት ከውትድርና «ተሰናብተው» የሲአይኤ ቅጥረኛ ሆኑ። ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ «የአየር ጠባይ ጥናት ነው» ተባለ።

ከጁላይ 1956 ጀምሮ ለአራት ዓመት ያህል ሠራ። ሜይ 1 ቀን 1960 ፍራንሲስ ጋሪ ፓወርስ የሚባለው ፓይለት ከፓኪስታን ፔሻዋር ተነስቶ ሶቭየት መሃል ላይ በሚሳይል ተመታ። አሜሪካኖቹ ሰውየው ሞቷል ብለው ስለገመቱ «የናሳ የጥናት አውሮፕላን መንገድ ስታ ነው» አሉ። ክሩሽቼቭ ውሸቱ በደንብ እስኪነገር ጠበቁ። ከዚያ «ፓይለቱ በሕይወት አለ፣ ፊልሙም እጃችን ነው» አሉ። ዕቁብ ላይ ዝም ብሎ ሁሉን አስለፍልፎ መጨረሻ ላይ ደረሰኝ ከኪሱ የሚያወጣ ሰው ታውቃላችሁ አይደል? እንደዚያ ነው ያደረጓቸው። ፓሪስ ላይ ሊደረግ የነበረው የመሪዎች ጉባኤም በዚህ ፈረሰ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ነገሩ ተገለበጠ። በ1962 ኩባ ላይ የሶቭየት ሚሳይል ሳይተከል አይቀርም የሚል ጥርጣሬ መጣ። እስከዚያ ኩባን ከላይ ያነሳ የነበረው የሲአይኤ ዩ-2 ነው። ኦክቶበር 12 ላይ የኬኔዲ መንግሥት በረራውን ከሲአይኤ ነጥቆ ለአየር ኃይሉ ስትራቴጂክ ዕዝ ሰጠ። ኩባ ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል ስለተከለች አውሮፕላኑ ሊመታ ይችላል፤ ከተመታ ደግሞ እንደ ፓወርስ ዓይነት ውርደት እንዳይደገም ውስጡ ያለው ዩኒፎርም የለበሰ ወታደር ይሁን ተባለ። የሲአይኤው ዳይሬክተር ከዋሽንግተን ውጪ ነበሩ፤ ምክትላቸው ጄነራል ማርሻል ካርተር አጥብቀው ተቃወሙ፤ ሰሚ አላገኙም። የሚያስቀው፣ የአየር ኃይሉ ዩ-2 ሞተሩ ደከም ያለ ስለነበር የሲአይኤን አውሮፕላን ተውሶ የራሱን ምልክት ቀብቶበት ነው የበረረው። ኦክቶበር 14 ሻለቃ ሪቻርድ ሃይሰር ሚሳይሎቹን ፎቶ አነሳ። ኦክቶበር 27 ሻለቃ ሩዶልፍ አንደርሰን ኩባ ላይ ተመትቶ ሞተ። ሞቱ ከነስሙና ከነማዕረጉ ተነገረ፤ አስከሬኑም አገሩ ገብቶ ተቀበረ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በ1954 ለሲአይኤ የተሰጠው ለመካድ እንዲመች ነው። በ1962 ለወታደሩ የተሰጠው መካድ ስላልተቻለ ነው። በሁለቱም ጊዜ የወሰነው ጥያቄ «ማን ጎበዝ አብራሪ አለው?» አልነበረም። «ነገሩ ሲበላሽ ምን ብለን እንመልሳለን?» የሚል ነው። የአውሮፕላን ድልድል ሲባል የቢሮ ሰዎች የንብረት ክፍፍል ይመስላል። ውስጡ ሲታይ ግን የኃላፊነት ክፍፍል ነው፤ ማን ይጠየቃል፣ ማን አይጠየቅም የሚለው የሚቆረጠው እዚያ ላይ ነው።

የመሃሉን ቶሎ ልለፈው። ሁለቱን ለማስታረቅ በሴፕቴምበር 1961 አንድ የጋራ የቅኝት መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ መኖሩ ራሱ እስከ 1992 በይፋ አልተነገረም። ሲአይኤ ከድምፅ ሦስት እጥፍ የሚፈጥን ኤ-12 የሚባል አውሮፕላን አሠራ፤ አየር ኃይሉ ደግሞ የሱኑ ወንድም ኤስአር-71ን ያዘ። ሁለት መንታ መቀለብ ከበደና በ1968 የሲአይኤው ተጣለ። በ1974 የቀሩት የሲአይኤ ዩ-2ዎችም ወደ አየር ኃይል ዞሩ። ጠቡ የተኛ መሰለ፤ ድሮን ሲመጣ ነው የነቃው።

አሁን ወደ ቀንዳችን እንምጣ። ኖቬምበር 3 ቀን 2002 የመን ማሪብ በረሃ ላይ የሚሄድ መኪና በፕሬዴተር ተመታ፤ ስድስት ሰው ሞተ፣ አንዱ አሜሪካዊ ዜጋ ነበር። ያዘዘው ሲአይኤ ነው። ድሮኗ የተነሳችው ከጅቡቲ እንደሆነ በሰፊው ተዘግቧል። ከአፍጋኒስታን ጦር ሜዳ ውጪ በድሮን ተፈጸመ ተብሎ የታወቀው የመጀመሪያው ግድያ ይህ ነው፤ በኛው ጎረቤት።

ቀጥሎ አርባ ምንጭ። በኦክቶበር 2011 ዋሽንግተን ፖስት የአሜሪካ አየር ኃይል ከአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ ሪፐር የተባሉ ድሮኖችን እንደሚያስነሳ ጻፈ። አየር ኃይሉም አመነ፤ «ያልታጠቁ ናቸው፣ ለቅኝት ብቻ» አለ። እኛ በገዛ አገራችን መሬት ላይ ያለውን ነገር በስፋት የሰማነው ከአሜሪካ ጋዜጣ ነው። ጣቢያው በ2015 ሥራ አቁሞ፣ በጃንዋሪ 2016 መዘጋቱ ተነገረ። እንግዲህ አስተውሉ፦ ከጅቡቲዋ የሲአይኤ ድሮን ይልቅ ስለ አርባ ምንጮቹ መልስ ማግኘት የቀለለው ባለቤቱ ወታደር ስለሆነ ነው። ቃል አቀባይ አለው፣ በጀቱ በምክር ቤት ይታያል፣ ጋዜጠኛ ሲደውል ቢያንስ የሚያነሳው ሰው አለ።

ሦስተኛ ባለቤትም አለ፤ የግል ኩባንያ። ጃንዋሪ 5 ቀን 2020 አልሸባብ እዚሁ ኬንያ፣ ላሙ አጠገብ ያለውን የማንዳ ቤይ ጣቢያ አጠቃ። ሦስት አሜሪካውያን ሞቱ፤ አንዱ ወታደር፣ ሁለቱ የኮንትራት ሠራተኞች። ከተቃጠሉት አውሮፕላኖች መካከል ለስለላ የተከራየ የኮንትራት አውሮፕላን ነበረበት። ወታደርም ሰላይም ያልሆነ ሰው ከላይ ሆኖ ያየናል ማለት ነው። ስለዚህኛው ብዙ አይወራም፤ እኔን ግን ከሁሉም ይልቅ የሚከነክነኝ እሱ ነው። ወታደር በዕዝ፣ ሰላይ በምክር ቤት ኮሚቴ ይጠየቃል ብንል፣ ኩባንያ የሚጠየቀው በውሉ ነው። ውሉ ላይ ደግሞ እኛ የለንበትም።

ፕሬዚዳንት ኦባማ በሜይ 2013 ስለ ድሮን ንግግር ባደረጉበት ሰሞን ግድያውን ከሲአይኤ አውጥቶ ወደ ፔንታጎን የማዞር ሐሳብ መኖሩ ተዘገበ። በዓመቱ መጀመሪያ፣ በጃንዋሪ 2014፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በበጀት ሕጉ ምስጢራዊ አባሪ ላይ ዝውውሩን የሚያግድ አንቀጽ እንዳስገባ ተሰማ። አያችሁት? ፕሬዚዳንቱ እንኳ አውሮፕላን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ማዛወር አቃታቸው። በጁላይ 2016 ግን አንድ ትእዛዝ ፈረሙ፦ ከጦር ሜዳ ውጪ በተደረገ የአየር ጥቃት ስንት ተዋጊ፣ ስንት ሲቪል እንደሞተ በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር የሚል፣ የሲአይኤውንም የሚጨምር። ማርች 6 ቀን 2019 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ያንን ክፍል ሰረዙት። ሕጉ የሚያስገድደው የወታደሩ ሪፖርት ቀረ፤ የሲአይኤው ተዘጋ።

ይህ ልዩነት በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚመስል ሶማሊያን እዩ። ኤፕሪል 1 ቀን 2018 ኤል ቡር አጠገብ በተደረገ ጥቃት የአሜሪካ የአፍሪካ ዕዝ የሞቱት «አሸባሪዎች» ብቻ ናቸው ብሎ ነበር። በዓመቱ፣ አምነስቲ ሲጎተጉት ቆይቶ፣ አንዲት እናትና ሕፃን እንደሞቱ አመነ። ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ የሲቪል ሞት ሪፖርት ማውጣት ጀመረ። ፍትሕ ተገኘ ማለቴ አይደለም፤ ቤተሰቡ ካሳ እንዳላየ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ግን የሚንኳኳ በር ነበረ። አምስት ጊዜ አንኳኩተህ ስድስተኛው ላይ የሚከፈት በርና ግድግዳ አንድ አይደሉም። እኛ የስደተኛ ወረቀት ለማግኘት ስንት ቀን እንደምንሰለፍ የምናውቅ ሰዎች ይህ ይገባናል።

ወደ አገራችን ስንመጣስ?

ስለ መሣሪያው የሚታወቀውን ልንገራችሁ። የቻይና ዊንግ ሉንግ፣ የቱርክ ባይራክታር ቲቢ2፣ የኢራን ሞሃጀር-6 በጦርነቱ ጊዜ በሳተላይት ፎቶ ቢሾፍቱ ሐረር ሜዳ እና ሠመራ ላይ ታይተዋል። አየር ኃይሉም በራሱ ዝግጅቶች ላይ ድሮኖቹን አሳይቷል። ስለዚህ አብራሪው አየር ኃይል፣ በላዩ መከላከያ ነው ብለን መናገር እንችላለን። የመረጃው ወገን ግን ሌላ ቤት ነው። ብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አለ፤ በ2006 የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት፣ ኢንሳ የምንለው፣ አለ፤ የአሁኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ለሠርግ ቪዲዮ የምትሆን ድሮን ለማስነሳት እንኳ የኢንሳ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ቦሌ ላይ ዕቃ የተያዘበት ሁሉ ያውቃል። በኦክቶበር 2018 ሁለቱም አዲስ በተቋቋመው የሰላም ሚኒስቴር ሥር እንዲሆኑ ተደርጎ ነበር፤ ያ ድልድል ብዙ ሳይቆይ ተቀየረ። እንግዲህ «እዚያ ቤት ሰው ተሰብስቧል» የሚለው አንዱ፣ ጣቱን ቁልፉ ላይ የሚያሳርፈው ሌላው ሲሆን፣ ሁለቱም «እኔ አይደለሁም» ለማለት ቦታ አላቸው። አይዘንሃወር በ1954 የፈለጉት ይህንኑ ነበር።

ጃንዋሪ 7 ቀን 2022፣ በገና ዕለት፣ ትግራይ ደደቢት ላይ የተፈናቃዮች መጠለያ ተመታ፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ ቢያንስ 59 ሰው መሞቱን መዝግቧል። ይኸው ቢሮ በኖቬምበር 2023 ባወጣው መግለጫ ኖቬምበር 6 ቀን በወደራ ወረዳ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ ድሮን ተፈጸመ በተባለ ጥቃት ሦስት መምህራንን ጨምሮ ሰባት ሰው መሞቱን፣ ኖቬምበር 9 ቀን ደግሞ ዋበር መናኸሪያ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቁ የነበሩ 13 ሰዎች በድሮን መገደላቸውን ገልጿል። ሦስት መምህራን። እኔም ቾክ ይዤ የምቆም ሰው ነኝና ያንን መስመር ሳነብ ቶሎ ማለፍ አልቻልኩም። የደደቢቱም የወደራውም የዋበሩም ሰው የኛ ሰው ነው፤ ኮሜንት ላይ የኔ ሟች ይበልጣል እያላችሁ እንዳትጣሉብኝ። መንግሥት ሲቪሎችን ኢላማ አላደርግም ይላል። በነዚህ በሦስቱ ላይ ግን «ይህ የኛ ክፍል ሥራ ነው» ብሎ ወጥቶ የቆመ መሥሪያ ቤት አልሰማንም።

አባቶቻችን ገዳይ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። ያገሩ ሰው ሁሉ ከዛፍ ሥር ተሰብስቦ፣ ያየውንና የሰማውን እስኪያወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ገዳዩ ሲታወቅ ነው ሽማግሌ የሚላከው፣ ደም የሚደርቀው፣ ካሳው የሚቆረጠው። ከሰማይ ለሚመጣ ሞት አውጫጭኝ የሚያስቀምጥ ዳኛ አገር ውስጥ ገና አላየንም። ግን አንድ ቀን ይቀመጣል ብዬ አምናለሁ፤ በዚያ ቀን ደግሞ የሚፈለገው እንባ ሳይሆን ዝርዝር ነው።

ስለዚህ ቤተሰብ የሞተባችሁ ወይም ካየ ሰው የሰማችሁ፣ ዛሬውኑ በደብተር ጻፉ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አድርጉት። ሰዓቱን ስትጽፉ በኢትዮጵያ ሰዓት ይሁን በፈረንጅ ለዩ፤ «ሦስት ሰዓት» ብቻ የሚል ምስክርነት በ6 ሰዓት ተሳስቶ ከበረራ መዝገብ ጋር ሳይገጥም ይቀራል። ከመመታቱ በፊት ድምፅ ይሰማ እንደነበር፣ ለስንት ቀን እንደዞረ፣ የኔትወርክ መዘጋት ከነበረ መቼ እንደተዘጋ ጻፉ። ስብርባሪ ካለ ሳትነኩ ቁጥሩ እንዲታይ ፎቶ አንሱ፤ ያልፈነዳ ሊኖር ይችላልና ልጆችን አርቁ። ለኢሰመኮ ወይም ለተመድ ሰብዓዊ መብቶች ቢሮ ያመለከታችሁ እንደሆነ የትኛው ቀን፣ ለማን እንደሰጣችሁ መዝግቡ።

ኮሜንት ላይ ግን የሟችም የምስክርም ስም አትጻፉ፤ ለኔም በኢንቦክስ አትላኩ፤ አገር ቤት ያሉት እንዳይጎዱ። በሚቀጥለው ጽሑፌ ጥቆማ ሲሰጥ ምን ዓይነት ቅጽ እንደሚሞላ እዚሁ ናይሮቢ ያሉ የሕግ ሰዎችን ጠይቄ እመለሳለሁ።